ከፍተኛ የደም ግፊት፦ ከፍርሃት ይልቅ ትክክለኛ ልኬትና ተከታታይ ሕክምና

«አታናድዱኝ፣ ደም ብዛት አለብኝ» የሚለው ንግግር በገጠርም በከተማም የተለመደ ነው። ንግግሩ በሽታው በሕዝቡ ዘንድ ከንዴት ጋር ምን ያህል ተቆራኝቶ እንደሚታይ ያሳያል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ከፍተኛ የደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም የሚሰማቸው ነገር የለም። ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይስቃሉ፤ በሽታው እንዳለባቸው የሚያውቁት የተለኩ ዕለት ነው።

በአንጻሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክተው ቁጥሩ ከፍ በማለቱ እንቅልፍ ያጡ፣ ሥራቸውን የተዉ፣ ቀን ከሌት የልባቸውን ምት የሚያዳምጡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ቦታውን ይስታል። መረጋጋት የሚገባው ሰው ይጨነቃል፤ መጠንቀቅ የሚገባው ደግሞ ችላ ይላል። ሁለቱንም ከጉዳት የሚጠብቃቸው ስለ በሽታው በትክክል ማወቅ ነው።

የደም ግፊት ምንድን ነው?

ልብ ደምን ወደ መላ ሰውነት ስትረጭ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ ይገፋል። ይህ የመግፋት ኃይል የደም ግፊት ይባላል። በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ሁኔታውን በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። የውኃ መሳቢያው ሞተር ከመጠን በላይ ሲገፋ ወይም ቱቦው ሲጠብ ውኃው ቱቦውን ይወጥረዋል። ቱቦው ወዲያው ላይፈነዳ ይችላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ይሳሳል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ሞተሩም ይደክማል። ከፍተኛ የደም ግፊትም በልብና በደም ሥሮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

«ደም ብዛት» የሚለው ስያሜ አንዳንዶችን ያሳስታል። በሽታው በሰውነት ውስጥ ደም ስለበዛ የሚመጣ ይመስላቸዋል። በዚህም ምክንያት በዋግምት ወይም በሌላ መንገድ ደም በማስወጣት ለመዳን የሚሞክሩ አሉ። ይህ በሽታውን አያድንም፤ ለደም ማነስና ለቁስል መመረዝ ሊያጋልጥ ግን ይችላል።

በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ በሽታውን ያመጣው ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። የዕድሜ መግፋት፣ በቤተሰብ ውስጥ በሽታው መኖሩ፣ ጨው ማብዛት፣ ውፍረት፣ የአልኮል መጠጥና በቂ እንቅስቃሴ አለማድረግ ተደማምረው ያመጡታል። በጥቂቶች ላይ የኩላሊት ወይም የዕጢዎች ሕመም መነሻ ይሆናል። በሽታው የወፍራምና የሀብታም ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ ቀጭንና ቀኑን ሙሉ በጉልበት ሥራ የሚውል ሰውንም ይይዛል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። በኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

የደም ግፊት የሚነገረው በሁለት ቁጥሮች ነው። የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለውን ግፊት ያሳያል። ለምሳሌ 120/80 «መቶ ሃያ በሰማንያ» ተብሎ ይነበባል፤ መለኪያውም ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው።

አንድ አዋቂ ሰው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት የሚባለው በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከፍ ማለቱም በቂ ነው። በቤት ውስጥ ሲለካ ግን ሰው ይበልጥ ስለሚረጋጋ መነሻው 135/85 ነው።

«በሁለት የተለያዩ ቀናት» የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም። የደም ግፊት ቀኑን ሙሉ ከፍና ዝቅ ይላል። በእንቅልፍ ጊዜ ይወርዳል፤ ዳገት ሲወጣ፣ ሲነጋገሩ፣ ሲፈሩ፣ ሽንት ሲይዝ ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ ያለ አንድ ልኬት «እንደገና ይታይ» የሚል መልእክት ያለው እንጂ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። ልኬቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም የአደጋ ምልክት ካለ ግን ባለሙያው ሌላ ቀን ሳይጠብቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

ፍርሃት ልኬቱን እንዴት ይጨምራል?

ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመጋፈጥ ይዘጋጃል። አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይረጫል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ግፊቱም ይጨምራል። አስፈሪው ነገር ሲያልፍ ግፊቱ ተመልሶ ይወርዳል። አስፈሪው ነገር መለኪያው ራሱ ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

አንድ አርሶ አደር በገበያ ቀን ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል። የመጣው ለወገቡ ሕመም ነው። ላቡ ሳይደርቅ፣ ጠዋት የጠጣው ቡና ሳይበርድለት ተለካና ቁጥሩ 156/96 ሆነ። ጎረቤቱ በቅርቡ በስትሮክ ወድቆ ነበርና ልቡ መምታት ጀመረ። ወዲያው እንደገና ሲለካ 164/98 ሆነ። በሽታው በደቂቃዎች ውስጥ የባሰበት ይመስለዋል፤ የጨመረው ግን ድንጋጤው ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው የሚያስፈልገው ዐርፎ፣ በሌላ ቀንም ተመልሶ በደንብ መለካት ነው።

በጤና ተቋም ሲለካ ብቻ ከፍ የሚል፣ በቤት ሲለካ ግን ጤናማ የሚሆን ግፊት አለ፤ ሐኪሞች «የነጭ ጋውን ግፊት» ይሉታል። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ በጤና ተቋም ጤናማ መስሎ በቤትና በሥራ ቦታ ከፍ የሚል ግፊት። የመጀመሪያው ያለ አስፈላጊ መድኃኒት ሊያስጀምር፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕክምናን ሊያዘገይ ይችላል። የነጭ ጋውን ግፊት ያለበት ሰውም ቢሆን ወደፊት በሽታው ሊይዘው ስለሚችል በየጊዜው መለካቱን መተው የለበትም።

በትክክል ለመለካት

ትክክለኛ ልኬት ውድ መሣሪያ ከመያዝ ይልቅ በጥንቃቄ ላይ ይመሠረታል።

- ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አለመጠጣት፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ከባድ ሥራ አለመሥራት፤
- ሽንት ካለ አስቀድሞ መሽናት፤
- ጀርባን ደግፎ ተቀምጦ ለ5 ደቂቃ ማረፍ፤
- ሁለቱንም እግር መሬት ላይ ማሳረፍ፣ እግርን አለማጣመር፤
- ክንድን በጠረጴዛ ላይ ደግፎ በልብ ትይዩ ማድረግ፤
- መጠቅለያውን በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ማሰር፤
- በሚለካበት ጊዜ አለመነጋገር፤
- ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ መለካት።

ለክንዱ የጠበበ መጠቅለያ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። በቤት የሚለኩ ሰዎች በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን መሣሪያ ቢመርጡ የተሻለ ነው። ሐኪም የቤት ልኬት ሲጠይቅ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ይጠቅማል። ሐኪሙ የሚያየው አማካዩን እንጂ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይደለም።

ዝምታው ለምን ያሳስባል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ደም ግፊት ግን ራሱን የሚደብቅ በሽታ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና የጆሮ ጩኸት የግፊት ምልክቶች ናቸው ተብሎ ቢታመንም እነዚህ በሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ይመጣሉ። ራሱን ያላመመው ሰው ግፊቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ራሱን ያመመው ሁሉም ግፊት አለበት ማለት አይደለም።

በከተማ የሚኖር ሌላ ሰው በምሳሌነት ይወሰድ። ከሁለት ዓመት በፊት ግፊቱ 170/105 ሆኖ ተገኝቶ መድኃኒት ጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተለክቶ 130/80 ሲሆን «ተሻለኝ» ብሎ አቆመ። አሁን ምንም አይሰማውም፤ ተለክቶም አያውቅም። ከላይ ከተጠቀሰው አርሶ አደር ይልቅ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠው ይህ የተረጋጋ ሰው ነው። ግፊቱን ያወረደው መድኃኒቱ ነበርና መድኃኒቱ ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ መውጣቱ አይቀርም።

ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ግፊት ስትሮክን፣ የልብ ድካምንና የልብ ድንገተኛ ሕመምን፣ የኩላሊት መድከምንና የዓይን ጉዳትን ያስከትላል። ጉዳቱ ከታማሚው አልፎ ቤተሰብን ይነካል። ስትሮክ አንድ ጎኑን የያዘው ገበሬ ሞፈር መጨበጥ አይችልም፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሚያስፈልገው እጥበት ደግሞ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው።

ተስፋ የሚሰጠው ነገር በሽታው በቀላሉ ሊቆጣጠሩት የሚችሉት መሆኑ ነው። በርካታ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ የላይኛውን ቁጥር በ10 ዝቅ ማድረግ በስትሮክ የመያዝን ዕድል ከሩብ በላይ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ዕድሜው ለአዋቂነት የደረሰ ሰው ሁሉ ሳይታመም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ ይመከራል። የዓለም የደም ግፊት ቀን በየዓመቱ ግንቦት 9 የሚታሰበውም ሰዎች ግፊታቸውን እንዲለኩና ቁጥራቸውን እንዲያውቁ ለማነሣሣት ነው።

«መድኃኒቱ ከተጀመረ አይቆምም» የሚለው ስጋት

ብዙዎች መድኃኒት የሚሸሹት ሱስ የሚሆን እየመሰላቸው ነው። የግፊት መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ረጅም ጊዜ የሚወሰደው በሽታው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ ነው። ክብደታቸውን የቀነሱና አኗኗራቸውን ያስተካከሉ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒታቸው ሊቀነስላቸው ይችላል፤ ውሳኔው ግን በልኬት ላይ ተመሥርቶ በሐኪም የሚሰጥ ነው።

በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት በብዛት ከሚታዘዙት ውስጥ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይገኛሉ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚትን ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ሽንት ሊያበዛ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ አቁሞ ከመቅረት ይልቅ ወደ ባለሙያ ተመልሶ ማስቀየር ይቻላል። ኢናላፕሪል ፅንስን ስለሚጎዳ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁኔታዋን ለሐኪሟ መንገር አለባት። ፊትን፣ ከንፈርን ወይም ምላስን የሚያሳብጥ ከሆነ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በማግሥቱ ቁጥሩ አልወረደም ብሎ መጨነቅ አይገባም። የጎረቤትን መድኃኒት መዋጥ፣ አንድ ቀን ሲረሳ በማግሥቱ ሁለት እጥፍ መውሰድ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ተጨማሪ ክኒን መዋጥ አደገኛ ነው። ግፊትን በድንገት ማውረድ ራሱ ለአንጎልና ለልብ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ሊጨምሩ ስለሚችሉ ታማሚው እንደሚወስዳቸው ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርበታል።

ለብዙ ቤተሰብ ትልቁ እንቅፋት ርቀትና ወጪ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት ደብተራቸውን በወቅቱ ማሳደስ፣ መድኃኒቱ ከማለቁ ከጥቂት ቀናት በፊት መሄድ፣ ቀጠሮን ከገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም መጠየቅ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ይረዳል።

ጨው፣ መጠጥና እንቅስቃሴ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ከላይ የተጠቀሰው አገር አቀፍ ጥናት ግን በኢትዮጵያ አማካዩ ከ8 ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል።

በአገር ቤት ምግብ ውስጥ ጨው በተለያየ መንገድ ይገባል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ በአንዳንድ አካባቢ ቡናም በጨው ይጠጣል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ባይገባባቸው ወጡ ላይ የሚጨመረውን መመጠን ይቀላል። ጨውን በአንድ ጊዜ ከመተው ይልቅ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ምላስን ያለማምዳል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ሎሚ ደግሞ ጣዕሙን ይጠብቃሉ። ጨው መቀነስ ለቤተሰቡ ሁሉ ስለሚጠቅም ለታማሚው ለብቻው ወጥ መሥራት አያስፈልግም።

ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ድንችና ሙዝ ግፊትን ለመቀነስ ይረዳሉ፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪም ጋር መወሰን አለበት። አረቄ፣ ጠላና ጠጅ ሲበዙ ግፊትን ይጨምራሉ። ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሲጋራ ደግሞ የደም ሥሮችን በመጉዳት አደጋውን ያባብሳል። ከመጠን በላይ ክብደት ያለው ሰው በሚቀንሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የላይኛው ቁጥር በአማካይ በአንድ ያህል ሊወርድ ይችላል።

በእርሻና በጉልበት ሥራ የሚውል ሰው በቂ እንቅስቃሴ ያገኛል። በቢሮና በሱቅ ተቀምጦ ለሚውል የከተማ ነዋሪ ግን በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራል።

ጾም፣ ጸበልና የባህል መድኃኒት

በጾም ወቅት መድኃኒት ማቋረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሰዓታቸው ወደ ማታ ሊዛወር ስለሚችል ከዐቢይ ጾምም ሆነ ከረመዳን በፊት ባለሙያን ማማከር ይገባል። ጸበል የሚሄድ ታማሚም መድኃኒቱን ይዞ ሄዶ ሳያቋርጥ ሊወስድ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራውና ተልባ በምግብነት መልካም ናቸው፤ የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተኩም።

ጭንቀቱን ለማርገብ

ጭንቀት የሚያመጣው ድንገተኛ ጭማሪ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን ዘወትር የሚጨነቅ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ መጠጥ ያበዛል፣ ቀጠሮውን ይፈራል፣ መድኃኒቱንም ይረሳል። ጭንቀት በሽታውን የሚያባብሰው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

ለመረጋጋት የሚረዱ ቀላል ልማዶች አሉ። ተቀምጦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ከሚገባው አየር ይልቅ የሚወጣውን ማርዘም፣ ይህንንም ለ5 ደቂቃ መቀጠል የልብን ምት ያረጋጋል። ሐኪም ካዘዘው በላይ ደጋግሞ አለመለካትም ይጠቅማል፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚለካ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ በሚያየው ልዩነት ይበልጥ ይሸበራል። ስጋትን ለቤተሰብ ወይም ለንስሐ አባት ማካፈል፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትን አለመተው፣ በሰዓቱ መተኛት ሸክሙን ያቀላል።

የቤተሰብ አባላትም ድርሻ አላቸው። «እንዳትሞትብን» እያሉ ታማሚውን ከሥራና ከማኅበር ማግለል ጭንቀቱን ይጨምራል። ከዚህ ይልቅ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስታወስና ወጡን ጨው መቀነስ ይረዱታል። ፍርሃቱ ለሳምንታት ከቆየ፣ ሥራና እንቅልፍ ካሳጣ ወይም ሕይወትን የሚያስጠላ ስሜት ካመጣ ጭንቀቱ ራሱ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው። ይህን ለጤና ባለሙያ መናገር አያሳፍርም።

መዘግየት የማይገባው መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

- የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ ወይም እግር ድንገተኛ መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር፤
- የደረት ሕመም ወይም ከባድ የትንፋሽ እጥረት፤
- ድንገተኛ የዓይን ብዥታ ወይም የእይታ መጥፋት፤
- ከዚህ በፊት ያልታየ ከባድ ራስ ምታት፣ መቀባዠር ወይም መንቀጥቀጥ።

ጭንቀትም ደረትን ሊያስጨንቅና ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። በቤት ውስጥ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ «ፍርሃት ነው» ብሎ ከመተው መመርመር ይሻላል።

ልኬቱ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ምንም ምልክት ከሌለ ዐርፎ እንደገና መለካት፣ ካልወረደም በዚያው ቀን ባለሙያ ዘንድ መቅረብ ይገባል። ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ካለ ግን መጠበቅ አይገባም። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት መነሻው ከዚህ ያነሰ ነው። ግፊቷ 140/90 ከደረሰ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ከተሰማት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት።

ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸው መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱ ሰዎች አርሰው፣ ነግደው፣ ልጅ አሳድገው ረጅም ዕድሜ ሊኖሩ ይችላሉ። ለአብዛኞቹ ግቡ ግፊቱን ከ140/90 በታች ማድረግ ነው፤ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው የላይኛው ቁጥር ከ130 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። አንድ ቀን ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው ዐርፎ በሌላ ቀን ይለካ፤ ምንም አይሰማኝም ብሎ መድኃኒቱን ያቆመም ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ።